በወረርሽኝ ወቅት የሕክምና መረጃን ከኢንተርኔት መፈለግና መመዘን

የመነሻ ሁኔታ

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም ሁለት ሕሙማንን ይከታተላል እንበል። አንደኛዋ የ62 ዓመት እናት ናቸው፤ በኦክስጅን እየታገዙ ይተነፍሳሉ። ሁለተኛው የ35 ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ትኩሳትና ሳል ቢኖረውም ኦክስጅን አላስፈለገውም። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በባልደረቦች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ መልእክት ይደርሳል፦ «ዴክሳሜታሶን የኮቪድ ሞትን በሲሶ ይቀንሳል፤ ለሁሉም ታካሚ ይጀመር»። መልእክቱ ምንጩን አይጠቅስም። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ አለ፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የጎልማሳው ወንድም ያንኑ ወሬ ሰምቶ «ለወንድሜ ለምን አይሰጠውም?» ሲል ይጠይቃል።

ሐኪሙ መልእክቱን አምኖ ለሁለቱም ቢያዝ፣ ወይም ተጠራጥሮ ሁለቱንም ቢከለክል፣ ከሁለቱ በአንደኛው ታካሚ ላይ መሳሳቱ አይቀርም። ትክክለኛው መልስ ግን በኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። የጎደለው የት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚመዘን ማወቅ ነው። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ይህንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የትምህርቱ ዓላማ

ተሳታፊው ይህንን ትምህርት ሲያጠናቅቅ፦

• ለሚያጋጥመው ጥያቄ የሚስማማውን የመረጃ ምንጭ ይመርጣል፤
• በቅድመ ሕትመት፣ በአቻ ባለሙያዎች በተገመገመ ጽሑፍና በሕክምና መመሪያ መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳል፤
• አንድ የጥናት ውጤት የሕክምና አሰጣጥን ለመለወጥ የሚያበቃ መሆን አለመሆኑን በተወሰኑ ጥያቄዎች ያጣራል፤
• ያገኘውን መረጃ ለባልደረቦቹ በኃላፊነት ያስተላልፋል።

1. ፍለጋን ከጥያቄ መጀመር

የመረጃ ፍለጋ ውጤታማ የሚሆነው ጥያቄው አስቀድሞ በግልጽ ሲቀመጥ ነው። አንድ የሕክምና ጥያቄ አራት ነገሮችን ሊይዝ ይገባል። እነዚህም ታካሚው ማን እንደሆነና ሕመሙ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ሊደረግለት የታሰበው ሕክምና፣ ያ ሕክምና የሚነጻጸርበት ሌላ አማራጭ፣ እንዲሁም የሚጠበቀው ውጤት ናቸው።

ከላይ የተጠቀሰው የቴሌግራም መልእክት በእነዚህ አራት ነጥቦች ሲፈተሽ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ሕክምናውንና ውጤቱን ይናገራል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ የተሞከረው በየትኛው የሕመም ደረጃ ላይ ባሉ ሰዎች እንደሆነና ከምን ጋር እንደተነጻጸረ አይገልጽም። ስለዚህ ሐኪሙ ጥያቄውን እንዲህ ብሎ ማስተካከል ይኖርበታል፦ «በኮቪድ-19 ታምመው ሆስፒታል ለተኙ ነገር ግን ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው አዋቂዎች፣ ዴክሳሜታሶን መስጠት ከተለመደው እንክብካቤ ጋር ሲነጻጸር ሞትን ይቀንሳልን?» ቀጥሎም ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ያንኑ ጥያቄ ለብቻው ያቀርባል። አንድ የነበረው ጥያቄ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ የሁለቱ መልስም የተለያየ ሊሆን ይችላል።

2. ለየጥያቄው ተስማሚ ምንጭ

2.1 «አሁን ምን ላድርግ?» ለሚለው ጥያቄ

ታካሚ ፊት የቆመ ባለሙያ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ምንጭ የሕክምና መመሪያ ነው። መመሪያ ማለት ብዙ ጥናቶች በባለሙያዎች ቡድን ተሰብስበው፣ ተመዝነውና ተጠቃለው ወደ ምክረ ሐሳብ የተለወጡበት ሰነድ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ማጣቀሻ በጤና ሚኒስቴርና በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚወጣው ብሔራዊ መመሪያ ነው። ምክንያቱም ይህ ሰነድ በአገሪቱ ያሉትን መድኃኒቶች፣ የላቦራቶሪ አቅምንና የሪፈራል ሥርዓቱን ከግምት ያስገባል። ቀጥሎ የሚታየው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ነው። ድርጅቱ በኮቪድ-19 ወቅት «ሕያው መመሪያ» በሚባል አሠራር ተጠቅሟል፤ ይኸውም አዲስ ማስረጃ በተገኘ ቁጥር ምክረ ሐሳቡ የሚታደስበት ሥርዓት ነው። ስለሆነም መመሪያን የሚያነብ ባለሙያ በቅድሚያ የእትሙን ቀን መመልከት አለበት። ከዓመት በፊት ከድረ ገጽ ወርዶ በስልክ ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ በዛሬው መመሪያ የተሻረ ሊሆን ይችላል።

በብሔራዊው መመሪያና በአዲስ ዓለም አቀፍ ምክረ ሐሳብ መካከል ልዩነት ከታየ፣ ባለሙያው በግሉ ከመወሰን ይልቅ ጉዳዩን ለጤና ተቋሙ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ወይም ለሚመለከተው ኃላፊ ማቅረብ ይገባዋል።

2.2 «ጥናቶች ምን ይላሉ?» ለሚለው ጥያቄ

መመሪያ ያልመለሰው ጥያቄ ሲኖር ወደ ጥናት ጽሑፎች ማለፍ ያስፈልጋል።

ፐብሜድ፦ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደር ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለሁሉም በነጻ ክፍት ነው። ከ30 ሚሊዮን በላይ የጥናት ጽሑፎች መዝገብ ይዟል። በፐብሜድ የሚገኘው በአብዛኛው የጽሑፉ አጭር መግለጫ ነው። ሙሉ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ተጀመረው ፐብሜድ ሴንትራል ይሄዳል። ፍለጋው በእንግሊዝኛ የሚካሄድ ሲሆን ሁለት ቃላት ትልቅ እገዛ ያደርጋሉ። «ኤንድ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ሐሳቦች የያዙ ጽሑፎችን ብቻ ስለሚያወጣ ፍለጋውን ያጠብባል፤ «ኦር» ከሁለቱ አንዱን የያዙትን ሁሉ ስለሚያወጣ ፍለጋውን ያሰፋል። ውጤቱ በሺህ የሚቆጠር ሲሆን በገጹ ጎን ያሉትን ማጣሪያዎች በመጠቀም በዘፈቀደ ድልድል የተደረጉ ሙከራዎችን ወይም ስልታዊ ክለሳዎችን ብቻ ማስቀረት ይቻላል። አንድ ጽሑፍ በፐብሜድ መገኘቱ ግን የትክክለኛነት ማረጋገጫ አይደለም። መዝገቡ ጠንካራውንም ደካማውንም ጥናት በአንድነት ይይዛል።

ኮክሬን ላይብረሪ፦ ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በተወሰነ ሥርዓት ሰብስቦ፣ ጥራታቸውን መርምሮና አጠቃልሎ ስልታዊ ክለሳ ያወጣል። እያንዳንዱ ክለሳ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ማጠቃለያ ስላለው፣ ጊዜ ያጠረው ባለሙያ ከዚያ ሊጀምር ይችላል።

ሂናሪ፦ ሙሉ ጽሑፍ ለማንበብ ሲሞከር በዶላር ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ መምጣቱ የተለመደ ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር በመስማማት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለው ፕሮግራም ይህንን ለማቃለል የታሰበ ነው። ኢትዮጵያ ተቋሞቿ በነጻ ከሚጠቀሙ አገሮች መካከል ናት። አገልግሎቱ የሚሰጠው ለተመዘገቡ ተቋማት ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃሉን ከሚሠራበት ሆስፒታል ወይም ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ይኖርበታል። ተቋሙ ካልተመዘገበም እንዲመዘገብ ማሳሰብ ይችላል። የይለፍ ቃልን በአደባባይ የቴሌግራም ቻናል ላይ መለጠፍ የተቋሙን አገልግሎት ሊያሳግድ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የአገር ውስጥና የአፍሪካ ጆርናሎች፦ የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናልን የመሳሰሉ የአገር ውስጥ ሕትመቶችና አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የተባለው ማኅደር በሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ለአካባቢው ሁኔታ ቅርብ የሆኑ ጥናቶችን ይይዛሉ።

2.3 ስለ መድኃኒቶችና ስለ ሙከራዎች

አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ታካሚው አስቀድሞ ከሚወስደው መድኃኒት ጋር ያለው መስተጋብር መታየት አለበት። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለኤችአይቪና ለኮቪድ-19 መድኃኒቶች ያዘጋጇቸው የመስተጋብር መፈለጊያ ድረ ገጾች በነጻ የሚገኙ ሲሆን የሁለት መድኃኒቶች ስም ሲገባላቸው የአደጋውን ደረጃ በቀለም ለይተው ያሳያሉ። ለምሳሌ ኒርማትሬልቪርና ሪቶናቪር በአንድነት የያዘው የኮቪድ-19 መድኃኒት፣ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ከሚወስደው ሪፋምፒሲን ጋር ሊሰጥ አይገባም። ሪፋምፒሲን የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ዝቅ ስለሚያደርገው ፈዋሽነቱን ያሳጣዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በስፋት በሚሰጥበት አገር ይህ ማጣሪያ ሊዘለል የማይገባው ነው።

ክሊኒካዊ ሙከራዎች የሚመዘገቡባቸው ቋቶችም ጠቃሚ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ፣ የመላ አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ፣ እንዲሁም የዓለም ጤና ድርጅት የሙከራዎች መፈለጊያ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። አንድ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ተመራማሪዎቹ ሊለኩት ያሰቡትን ውጤት በዚያ ያስመዘግባሉ። አንባቢው በታተመው ጽሑፍ ላይ የቀረበው ውጤት አስቀድሞ ከተመዘገበው ጋር አንድ መሆኑን ማመሳከር ይችላል። ልዩነት ከተገኘ ተመራማሪዎቹ ያማረውን ውጤት መርጠው እንዳቀረቡ ሊያጠራጥር ይገባል።

2.4 ለላቦራቶሪና ለሥነ ሕይወት ባለሙያዎች

እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው ጄንባንክ የዘረ መል ቅደም ተከተሎች የሚቀመጡበት ነጻ ማኅደር ነው፤ በአውሮፓና በጃፓን ካሉ አቻዎቹ ጋር መረጃ ይለዋወጣል። ጂሳይድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢንፍሉዌንዛ መረጃ የተጀመረ ሲሆን በኮቪድ-19 ወቅት የቫይረሱ ቅደም ተከተሎች ዋነኛ መለዋወጫ ሆኗል። ለመጠቀም በስም መመዝገብና መረጃውን ላበረከቱት ላቦራቶሪዎች ዕውቅና መስጠት ግዴታ ነው። ኔክስትስትሬይን የተባለው ድረ ገጽ እነዚህን ቅደም ተከተሎች ወደ ዝምድና ዛፍ ለውጦ የዝርያዎቹን ስርጭት በሥዕል ያሳያል።

የእነዚህ ማኅደሮች ፋይዳ በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ታይቷል። የአዲሱ ኮሮና ቫይረስ የመጀመሪያ ሙሉ ቅደም ተከተል፣ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ፊደላት ያሉት፣ በቻይና ተመራማሪዎችና በአጋሮቻቸው ይፋ በሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት በጀርመን ላቦራቶሪ የተዘጋጀውን የመጀመሪያውን የምርመራ አሠራር አሰራጨ። ቫይረሱ ራሱ በእጃቸው ያልነበረ ላቦራቶሪዎች ምርመራ ማዘጋጀት የቻሉት በተጋራው መረጃ ምክንያት ነው።

ማኅደሮቹ ለዕለት ሥራም ያገለግላሉ። አልፋ የተባለው ዝርያ ሲስፋፋ፣ ሦስት የዘረ መል ክፍሎችን የሚፈትሽ አንድ የፒሲአር መመርመሪያ «ኤስ» የተባለውን ክፍል ማግኘት ሲሳነው ሌሎቹን ሁለቱን ግን ያገኝ ነበር። ምክንያቱ በዚያ ክፍል ላይ የተከሰተ ጉድለት ነበር። ያልተለመደ ውጤት ያየ የላቦራቶሪ ባለሙያ የመመርመሪያውን ቅደም ተከተል በማኅደሩ ካሉት የቅርብ ጊዜ ቫይረሶች ጋር በማነጻጸር ችግሩ ከናሙናው፣ ከመሣሪያው ወይስ ከቫይረሱ ለውጥ እንደመነጨ መለየት ይችላል።

2.5 ስለ ወረርሽኙ ስርጭት

ፕሮሜድ የተባለው የማስጠንቀቂያ መረብ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ የበሽታ ጥቆማዎችን ያሰራጫል። በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች መታየቱንም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 መጨረሻ አስታውቋል። እንዲህ ያለ መልእክት ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ለተረጋገጠ መረጃ የዓለም ጤና ድርጅት የወረርሽኝ ዜናዎች፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዘገባዎች፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መግለጫዎች ይታያሉ።

የስርጭት አኃዞችን የሚያሳዩ ገጾች ሲታዩ መጨረሻ የታደሱበትን ቀን ማረጋገጥ ግድ ነው። በኮቪድ-19 ወቅት በዓለም እጅግ ይጠቀስ የነበረው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሰሌዳ አዲስ መረጃ መሰብሰቡን እ.ኤ.አ. በማርች 2023 አቁሟል። ገጹን ዛሬ የሚከፍት ሰው የሚያየው የትናንት አኃዝ ነው።

3. ቅድመ ሕትመት፦ ጥቅሙና አደጋው

ቅድመ ሕትመት ማለት በአቻ ባለሙያዎች ሳይገመገም በቀጥታ ለንባብ የቀረበ የጥናት ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ባዮአርካይቭ ለሥነ ሕይወት፣ በ2019 የተከፈተው ሜድአርካይቭ ለሕክምና ሳይንስ ያገለግላሉ። የግምገማው ሂደት ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ በወረርሽኝ ጊዜ ቅድመ ሕትመት ዕውቀትን በቀናት ውስጥ ያደርሳል። ይሁንና ሜድአርካይቭ ራሱ በገጹ ላይ እንደሚያሳስበው፣ እነዚህ ጽሑፎች ለሕክምና አሰጣጥ መመሪያነት ሊውሉ አይገባም።

ማሳሰቢያው በቂ ምክንያት አለው። አይቨርሜክቲን የኮቪድ-19 ሞትን በእጅጉ እንደሚቀንስ የሚገልጽ አንድ ቅድመ ሕትመት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከቀረበ በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች ማጠቃለያዎች ውስጥ ተካትቷል። በጁላይ 2021 ግን መረጃው ላይ ከባድ ጥርጣሬ በመነሣቱ ከማኅደሩ እንዲወጣ ተደርጓል። በመካከሉ ባሉት ወራት በብዙ አገሮች ሰዎች መድኃኒቱን ሲወስዱ ቆይተዋል።

4. ማነጻጸሪያ፦ በአንድ ወር ውስጥ የወጡ ሁለት ውጤቶች

ግንቦት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2020) ላንሴት የተባለው ስመ ጥር የሕክምና ጆርናል ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ክሎሮኪን አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ሰርጂስፌር ከተባለ ኩባንያ በተገኘ መረጃ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በስድስት አህጉራት በሚገኙ 671 ሆስፒታሎች የታከሙ 96,032 ሕሙማንን እንዳካተተ ይናገር ነበር። መድኃኒቶቹ ሞትን እንደሚጨምሩ ደምድሟል። በሦስተኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት በራሱ ሙከራ ውስጥ ለሕሙማን ሃይድሮክሲክሎሮኪን መስጠቱን ለጊዜው ማቆሙን አስታወቀ።

ጽሑፉን ያነበቡ ተመራማሪዎች ግን ጥያቄ አነሡ። በአውስትራሊያ ሞቱ ተብለው የተቆጠሩት ሰዎች አገሪቱ እስከዚያ ቀን ካሳወቀችው ጠቅላላ የሟቾች ቁጥር ይበልጡ ነበር። መረጃውን ሰጡ የተባሉት ሆስፒታሎች በስም አልተገለጹም። ከ100 በላይ ሳይንቲስቶች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ኩባንያው ሙሉ መረጃውን ለገለልተኛ መርማሪዎች ለመስጠት ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ ጽሑፉ ግንቦት 27 ቀን ከሕትመት ተሰረዘ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሙከራው እንዲቀጥል ወስኖ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሚካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ሙከራ ስለ ዴክሳሜታሶን ያገኘውን ውጤት ይፋ አደረገ። ከሳምንት ገደማ በኋላ ዝርዝሩ በቅድመ ሕትመት፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ በአቻ ባለሙያዎች ተገምግሞ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። ሙከራው አስቀድሞ የተመዘገበ ሲሆን የአሠራር ሰነዱም ለሁሉም ክፍት ነበር። 2,104 ሕሙማን በዕጣ ተደልድለው መድኃኒቱን በቀን 6 ሚሊግራም እስከ 10 ቀን ወስደዋል፤ 4,321 ሕሙማን ደግሞ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አግኝተዋል። በ28 ቀናት ውስጥ የታየው የሞት መጠን እንደሚከተለው ነበር፦

• በመተንፈሻ መሣሪያ በሚታገዙት፦ መድኃኒቱን ከወሰዱት 29.3 በመቶ፣ ካልወሰዱት 41.4 በመቶ፤
• ያለ መሣሪያ ኦክስጅን በሚወስዱት፦ ከወሰዱት 23.3 በመቶ፣ ካልወሰዱት 26.2 በመቶ፤
• ኦክስጅን ባላስፈለጋቸው፦ ከወሰዱት 17.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 14.0 በመቶ።

በመጀመሪያው ክፍል የታየው ቅናሽ ሲሶ ያህል፣ በሁለተኛው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በሦስተኛው ክፍል ጥቅም አልታየም፤ ጉዳት ሊኖር እንደሚችልም አኃዙ ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንንና ሌሎች ሙከራዎችን አጠቃልሎ ነሐሴ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ መድኃኒቱ ለጽኑ ሕሙማን እንዲሰጥና ሕመማቸው ላልጸና እንዳይሰጥ መክሯል።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ በታዋቂ ጆርናል የታተመ፣ በአቻ ባለሙያዎች የተገመገመና እጅግ ብዙ ሕሙማንን ያካተተ መስሎ ቀርቧል፤ ይሁን እንጂ ማንም መረጃውን ሊያረጋግጥ አልቻለም። ሁለተኛው በመግለጫና በቅድመ ሕትመት ቢጀምርም፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሊመረመር የሚችል ነበር። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሆስፒታል ለተኙ የኮቪድ-19 ሕሙማን እንደማይጠቅም በኋላ የታወቀውም ከተሰረዘው ጽሑፍ ሳይሆን በዕጣ ድልድል ከተደረጉ ሙከራዎች ነው። ስለዚህ የጆርናሉ ስምም ሆነ የታካሚዎቹ ብዛት ብቻውን መተማመኛ ሊሆን አይችልም።

5. የማጣሪያ ጥያቄዎች

አንድ የጥናት ውጤት በታካሚ ላይ ከመተግበሩ በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይቅረቡ፦

1ኛ. ዋናው ጽሑፍ ተገኝቷልን? በቅጽበታዊ ፎቶ ወይም በተላለፈ መልእክት ላይ ተመሥርቶ መወሰን አይገባም። እያንዳንዱ የታተመ ጽሑፍ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው በዚያ መፈለግ ይቻላል።

2ኛ. ጽሑፉ በምን ደረጃ ላይ ነው? ቅድመ ሕትመት፣ የተገመገመ ጽሑፍ፣ ስልታዊ ክለሳ ወይስ መመሪያ?

3ኛ. ተሰርዟልን ወይም ታርሟልን? ፐብሜድ የተሰረዙ ጽሑፎችን በጉልህ ምልክት ያሳያል። የሪትራክሽን ዋች የመረጃ ቋትም ለዚሁ ይረዳል። ቀድሞ ወደ ስልክ የወረደ ቅጂ ግን ስለ መሰረዙ ምንም አይናገርም።

4ኛ. ጥናቱ በምን ዘዴ ተሠራ? የንጽጽር ቡድን ነበረውን? ድልድሉ በዕጣ ነበርን? ሙከራው አስቀድሞ ተመዝግቧልን?

5ኛ. የጥናቱ ሕሙማን በዚህ ክፍል ከተኛው ታካሚ ጋር ይመሳሰላሉን? የሕመም ደረጃ፣ ዕድሜ፣ ተጓዳኝ ሕመምና ያለው እንክብካቤ ይታይ።

6ኛ. ብሔራዊው መመሪያ ምን ይላል? ጥናቱ ከመመሪያው ጋር የሚጋጭ ከሆነ ጉዳዩን ለኮሚቴው ማቅረብ ይቀድማል።

6. ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ

ብዙ የጤና ተቋማት የማያስተማምን የኢንተርኔት አገልግሎት እንዳላቸው ይታወቃል። ስለዚህ ኢንተርኔት በሚገኝበት ሰዓት አስቀድሞ መዘጋጀት ይጠቅማል። የብሔራዊ መመሪያው የቅርብ እትም በተረኛ ክፍል ኮምፒውተርና በባለሙያዎች ስልክ ይቀመጥ፤ የእትሙ ቀን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ በተራ ተመድቦ አዲስ እትም መውጣቱን ያረጋግጥ፤ የተሻረው ቅጂ ይወገድ። ሙሉ ጽሑፍ ማውረድ ካልተቻለ፣ አጭር መግለጫው አነስተኛ የኢንተርኔት አቅም ስለሚበቃው ቢያንስ እርሱ ይነበብ፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ ሕክምና አይለወጥ።

7. መረጃን ማስተላለፍ

የቴሌግራም ቡድኖች ራቅ ባሉ ተቋማት የሚሠሩ ባለሙያዎችን ከባልደረቦቻቸው ጋር በማገናኘት ትልቅ ጥቅም ሰጥተዋል። ጉዳት የሚያስከትሉት መረጃው ከምንጩ ተለይቶ ሲዘዋወር ነው። ማንኛውም ባለሙያ የጥናት ውጤት ሲያስተላልፍ አራት ነገሮችን ይጨምር፦ የጽሑፉን ርዕስና ማገናኛ፣ የወጣበትን ቀን፣ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ፣ እንዲሁም በእነማን ላይ እንደተጠና። አስቀድሞ ያስተላለፈው መረጃ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ፣ እርማቱን በዚያው ቡድን ውስጥ ወዲያውኑ ማሳወቅ የሙያ ግዴታው ነው። የታካሚን ስም፣ ፎቶ ወይም የካርድ ቁጥር የያዘ ምስል ለምክክርም ቢሆን በቡድን ውስጥ መለጠፍ ክልክል ነው።

ወደ መነሻው ሁኔታ መመለስ

የሌሊቱ ተረኛ ሐኪም በስልኩ ላይ ያለውን የቅርብ መመሪያ ቢከፍት፣ ውሳኔው በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል። ኦክስጅን የሚወስዱት እናት ዴክሳሜታሶን ሊጀመርላቸው ይገባል፤ ያለ በቂ ምክንያት የሚዘገይ እያንዳንዱ ቀን ሊጎዳቸው ይችላል። ጎልማሳው ግን መድኃኒቱ አይጠቅመውም፤ ክትትሉ ይቀጥልና ኦክስጅን ካስፈለገው ውሳኔው እንደገና ይታያል። ሐኪሙ ለወንድሙ መድኃኒቱ የተከለከለው በቸልተኝነት እንዳልሆነ፣ ወንድሙ ባለበት ደረጃ ጥቅም እንዳልተገኘበትና ሁኔታው በየሰዓቱ እየታየ መሆኑን ያስረዳዋል። ከዚያም በቡድኑ ውስጥ «ለሁሉም» የሚለውን ቃል የሚያርም መልእክት ከመመሪያው ማገናኛ ጋር ያስቀምጣል። መልእክቱ «ሞትን በሲሶ ይቀንሳል» ማለቱ ከመሠረቱ ሐሰት አልነበረም፤ የማንን ሞት እንደሚቀንስ ግን አልተናገረም።

ማጠቃለያ

• ጥያቄን ማጥራት የፍለጋ መጀመሪያ ነው።
• ለሕክምና ውሳኔ መመሪያ ይቀድማል፤ የእትሙ ቀን ይታይ።
• ቅድመ ሕትመት ለማወቅ ይነበባል፤ ለብቻው ሕክምናን አይለውጥም።
• የጥናት ተዓማኒነት የሚለካው ሊመረመር በመቻሉ ነው።
• ምንጩና የተጠኑት ሕሙማን ማንነት ያልተገለጸ መረጃ አይተላለፍ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በተቋማችሁ የሚገኘው የሕክምና መመሪያ የትኛው እትም ነው? አዲስ እትም መውጣቱ የሚረጋገጠው በማን ነው?
2. ተቋማችሁ የሂናሪ ተጠቃሚ ነውን? ካልሆነ ለመመዝገብ ምን ያስፈልጋል?
3. በቅርቡ በቡድናችሁ የተላለፈ አንድ የሕክምና መልእክት መርጣችሁ በስድስቱ የማጣሪያ ጥያቄዎች ፈትሹ። የትኛውን ጥያቄ መመለስ አልቻለም?
4. የታካሚ ቤተሰብ በማኅበራዊ ሚዲያ ያየውን መድኃኒት እንዲሰጥ ሲጠይቅ፣ አክብሮትን ሳይቀንሱ እንዴት ማስረዳት ይቻላል? ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ።